በሕይወት ያለ አይጥ ለእባብ አይሰጥ

ሜሪላንድ ውስጥ በቀቀን፣ ኤሊ፣ እንሽላሊትና እባብ በሚታከሙበት አንድ የእንስሳት ክሊኒክ እሠራለሁ። ሙያውን የተማርኩት ቢሾፍቱ ነው፤ እዚያ የምናክማቸው ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ አህያና ዶሮ ነበሩ። እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ በብዛት ከሚቀርቡት አንዱ ግን ቦል ፓይተን የሚባለው፣ ትውልዱ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ የሆነ ትንሽ ዘንዶ ነው። ይዘውት ከሚመጡት መካከል የእኛው ልጆችና ወላጆች እየበዙ ነው። አማርኛ ተናጋሪ መሆኔ ስለታወቀም ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ብዙ ቤተሰብ ይደውልልኛል። ጥያቄያቸው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፦ «ልጁ እባብ አመጣ፤ ምግቡ አይጥ ነው አሉን፤ ከነሕይወቱ ነው የምንሰጠው?»

ለሁሉም የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ከነሕይወቱ አትስጡት። እባብ ቤቱ ያስገባ ሰው የሁለት እንስሳት አደራ ነው የተቀበለው። እባቡም፣ እባቡ የሚበላው አይጥም በእጁ ናቸው። አንዱ እንዴት እንደሚኖር፣ ሌላው እንዴት እንደሚሞት የሚወስነው እሱ ነው። መንገዱም የታወቀ ነው፤ ሳይሰቃይ የሞተና በረዶ ሆኖ የቆየ አይጥ ከታመነ ሻጭ ገዝቶ፣ በልኩ መርጦ፣ አቅልጦና አሙቆ በመቆንጠጫ ማቅረብ።

አዲስ አበባ ላለ አንባቢ ጉዳዩ ሩቅ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን አሜሪካ የሚያድግ የወንድም ወይም የእህት ልጅ የሌለው ቤተሰብ ስንት ነው? እነዚያ ልጆች የሚያድጉት እባብ ከጥንቸልና ከዓሣ ጎን ተደርድሮ በሚሸጥበት አገር ነው። ወላጆቻቸው ደግሞ ያደጉት እባብ ሲታይ ዱላ በሚፈለግበት ሰፈር ነው። በዚህ መካከል ብዙ አባትና እናት ልጁ ለምኖ ለምኖ ሲያሸንፋቸው «እሺ፣ ግን እኔ አላየውም፣ አልነካውም» ብለው የክፍሉን በር ይዘጉበታል። የ13 ዓመት ልጅ የእንስሳ ሕይወት የሚጠፋበትን ጉዳይ ብቻውን እንዲወስን ተተወ ማለት ነው። ጥፋቱ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በዚህ ጉዳይ እኛ ከብዙ ጎረቤቶቻችን የተሻለ ማወቅ የሚገባን ሰዎች ነን። ለፋሲካ በግ በግቢው ሲታረድ ያየ፣ ለአረፋ እርድ የቆመ ሰው ሥጋ ከየት እንደሚመጣ አይጠፋውም። ጥሩ አራጅ ማን እንደሆነም ያውቃል፤ ቢላው የተሳለ፣ እጁ የማያወላውል፣ በአንድ ጊዜ የሚጨርስ ነው። በደነዘዘ ቢላ እንስሳ ያንገላታ ሰው በመንደሩ ይወቀሳል። በእስልምናም የሚታረደው እንስሳ እያየ ቢላ መሳል የተነቀፈ ነው። ለመብል መግደልና ማሰቃየት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በየግቢያችን እያየን ነው ያደግነው። ለበጉ ያወጣነውን ሥርዓት ለአይጥ የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም። አይጥ ትንሽ ነው፤ የሚጠላም ነው፤ ሲነከስና ሲታነቅ ግን ያመዋል፣ ሲዘጋበትም ይፈራል።

ከነሕይወቱ መስጠት ለእባቡም ደግነት አይደለም። አንድ ጠዋት አንድ አባትና ለአቅመ ሃይስኩል የደረሰች ልጃቸው ቦል ፓይተናቸውን በትራስ ልብስ ቋጥረው አመጡት። ማታ ከሱቅ የገዙትን አይጠመጎጥ ሳጥኑ ውስጥ ጨምረው ተኝተዋል። ሻጩ «ከነሕይወቱ ሲሆን ይሻለዋል» ብሏቸው ነበር። እባቡ ቆዳውን ሊገፍ የተቃረበበት ሰሞን ስለነበረ ዓይኑ ሰማያዊ ጭጋግ ለብሷል፤ በዚህ ወቅት እባብ አጥርቶ አያይም፣ መብላትም አይፈልግም። አይጠመጎጡ በበኩሉ ያለምግብና ያለውኃ ሌሊቱን ሙሉ ተዘግቶበታል። የትራስ ልብሱን ስፈታው እባቡ ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ ተጠቅልሎ ነበር። ቀስ ብዬ ስዘረጋው፣ ጀርባው ላይ የጣት ርዝመት በሚያህል ቦታ ቅርፊት የለም። ሥጋው ተቦጭቆ በሁለት ቦታ የአከርካሪው ጫፍ ነጭ ሆኖ ይታያል። በቁስሉ ዳር የአይጠመጎጡ ጥርስ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ታትሟል።

ልጅቷ ቁስሉን እያየች «ለምን አልሸሸም?» አለችኝ።

«የት ይሸሻል?» አልኳት።

አባቷ ራሳቸውን ይዘው «እህቴ፣ እኔ እኮ እባቡ አይጡን ይገድለዋል ብዬ ነው። አይጡ እባቡን ይበላዋል ብዬ በየት በኩል ላስብ?» አሉ። «ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ሁሉም የሚያስበው እንዲያ ነው» አልኳቸው። ሐሰትም አልነበረም። ዘንዶ ሲባል ሰው የሚያስበው የሚያንቀውን ብቻ ነው። የአይጠመጎጥ የፊት ጥርስ ግን ዕድሜ ልኩን የሚያድግ፣ እንጨት የሚቦረቡር ጥርስ ነው። እባቡ ካልራበው፣ ከታመመ ወይም ቆዳውን የሚገፍበት ጊዜ ከሆነ አንድ የተራበ አይጠመጎጥ እስከ ሞት ሊያደርሰው ይችላል። ቁስሉን አጥበን ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ጀመርንለት። ለቃጠሎ በሚታዘዘው ቅባት ሸፍነነው፣ የሳጥኑን የእንጨት ፍቅፋቂ ጠርገው የወረቀት ፎጣ እንዲያነጥፉለት ነግረን ሸኘናቸው። እባቡ ዳነ። ቆዳውን እየደጋገመ እስኪገፍና ቁስሉ እስኪሞላ ግን ወራት ፈጀ፤ ጠባሳው አሁንም አለ። የሕክምናው ወጪም ከእባቡ ዋጋ በላይ ሆነ።

«በተፈጥሮ የሚበላው እንዲህ አይደለም ወይ?» የሚለውን ክርክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በዱር አይጥ ጉድጓድ አለው፣ የሚሰወርበት ሣር አለው። እባቡም ቢሆን አይጡ ከከበደው ትቶት ይሄዳል። የመስታወት ሳጥን ውስጥ ግን ሁለቱም መውጫ የላቸውም። ሳጥኑን የገዛው፣ አይጡን በጅራቱ ይዞ የጨመረው ሰው ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚሆነውን በተፈጥሮ ማላከክ አይችልም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣችው የእንስሳት ደህንነት ሕግ በሰው ቁጥጥር ሥር ያለ አከርካሪ ያለው እንስሳ ያለ አስፈላጊነት እንዳይሰቃይ ይደነግጋል፤ ለእባብ ምግብ የሚራባ አይጥም ከዚህ አይወጣም። እዚያ አብዛኛው እባብ አሳዳጊ የሞተ አይጥ መጠቀም ከለመደ ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ ግን ከነሕይወቱ የሚሸጥበት ሱቅ አሁንም ሞልቷል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ልጆች ተሰብስበው ስልካቸውን ደግነው ሲቀርጹ ነው። ጥግ ይዞ የሚንቀጠቀጥ አይጥ እየቀረጸ የሚዝናና ልጅ ከቤት እንስሳው መማር የሚገባውን ትቶ የማይገባውን ነው የተማረው።

ወደ ምርጫው ልግባ። የመጀመሪያው ጉዳይ ልክ ነው። እባብ አፉን ከጭንቅላቱ አስበልጦ ይከፍታልና አፉን አይቶ መገመት ያሳስታል፤ መታየት ያለበት ወገቡ ነው። የአይጡ ውፍረት ከእባቡ ሰውነት ወፍራም ክፍል ጋር እኩል ወይም ጥቂት ቢበልጥ ይበቃል። ከዚያ ሚዛን ያስፈልጋል፤ ለእባቡ ብቻ የሚሆን፣ በግራም የሚለካ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን። ለጋ እባብ የክብደቱን ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆን አይጥ በየሳምንቱ ይበላል፤ 300 ግራም የሚመዝን ከሆነ ከ30 እስከ 45 ግራም ማለት ነው። ያደገ ቦል ፓይተን ግን የክብደቱ 5 በመቶ ግድም በ2 ወይም በ3 ሳምንት አንዴ ይበቃዋል፤ 1,600 ግራም ለሚመዝነው 80 ግራም። የእኛ ሰው ደግሞ ለእንግዳ «ጨምሩለት» ማለት ይወዳል። እባብ ያገኘውን ስለሚውጥ በዚህ ፍቅር ይወፍራል፣ ጉበቱም ስብ ይሞላል። እኔ ከማያቸው ውስጥ ከተራበው ይልቅ የወፈረው ይበዛል።

በሱቅ ፍሪዘር ውስጥ አይጦች በዕድሜ ተለይተው ነው የሚቀመጡት። ገና የተወለዱት፣ ፀጉር የሌላቸውና ዓይናቸው ያልተገለጠው ፒንኪ ይባላሉ። ስስ ፀጉር ያወጡት ፈዚ፣ ዓይናቸው ተገልጦ መፈናጠር የጀመሩት ሆፐር ይባላሉ። ሙሉ በሙሉ ያደገ አይጥ ከ20 እስከ 30 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ እባብ ወደ አይጠመጎጥ ይሸጋገራል። ለትልቅ እባብ ብዙ ፒንኪ ከመደርደር በልኩ የሆነ አንድ አይጥ ይሻላል፤ የፒንኪ አጥንት ገና ስላልጠነከረ ካልሲየሙ አነስተኛ ነው። አንዳንድ አባቶች «ከቁርጣችን ቆርሰን ብንሰጠውስ?» ይሉኛል። አይሆንም። እባብ አይጡን እንዳለ ሲውጥ ከሥጋው ፕሮቲን፣ ከአጥንቱ ካልሲየም፣ ከጉበቱ ቫይታሚን ኤ ያገኛል። ብጫቂ ሥጋ ይህን ሁሉ አይተካም።

ከረጢቱንም ማየት ያስፈልጋል። ማሸጊያው የተቀደደ፣ ውስጡ የበረዶ ግግር የሞላበት፣ የአይጡ ሆድ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ጥቁር ያዘነበለ ከሆነ አይገዛም፤ አንዴ ቀልጦ እንደገና በረዶ የሆነ ሊሆን ይችላል። ቤት ሲደርስ የተገዛበት ቀን ይጻፍበት። ፍሪዘር ውስጥ ብዙ ወራት የቆየ አይጥ እንደ ቫይታሚን ኢ ያሉ ንጥረ ነገሮቹ እየቀነሱ ስለሚሄዱ እኔ ከ6 ወር በላይ አታስቀምጡ እላለሁ።

ከጓዳ ወይም ከጓሮ የተያዘ አይጥ ደግሞ በምንም ምክንያት አይሰጥ። የዱር አይጥ ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ይመጣል። ከዚያ የባሰው መርዝ ነው። በብዛት የሚሸጠው የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ስለሆነ አይጡን ወዲያው አይጥለውም፤ አይጡ መርዙን በሆዱና በጉበቱ ተሸክሞ ለቀናት ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ያለውን አይጥ የዋጠ እባብ መርዙንም አብሮ ይውጣል። የአርዌን አፈ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። በሚተረከው አንድ መልክ፣ ሕዝቡን ያስገብር የነበረው ዘንዶ የወደቀው መርዝ የበላች ፍየል ቀርባለት ነው። የዚያ ዘመን ሰው ሆን ብሎ ያደረገውን እኛ ባለማወቅ በልጃችን እንስሳ ላይ እንዳናደርገው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። አይጡ ከፍሪዘር ወጥቶ ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት፣ ከረጢቱም ክዳን ባለው ዕቃ ሆኖ ለዚሁ በተለየ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል። በማግስቱ አመሻሽ ላይ፣ እባቡ በሚነቃበት ሰዓት፣ ከረጢቱ እንደታሸገ ለዚህ ብቻ በተመደበ ባልዲ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ውኃው የፈላ መሆን የለበትም፤ ቆዳውን ስለሚቀቅለው በመቆንጠጫ ሲያዝ ይቀደዳል። ማይክሮዌቭ ፈጽሞ አይነካም፤ አንዱ ቦታ ሳይቀልጥ ሌላው ይበስላል፣ ሆዱም ሊፈነዳ ይችላል። ትንሽ ቆይቶ ሆዱን በጓንት ጫን አድርጎ መዳሰስ ነው። ውስጥ ጠጣር ነገር ከተሰማ ገና አልቀለጠም፤ መሃሉ በረዶ የሆነ አይጥ የዋጠ እባብ ሊያስመልሰው ይችላል። ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ ውኃው በሌላ ሙቅ ውኃ ይተካና የአይጡ ቆዳ ወደ 38 ዲግሪ እስኪደርስ ይጠበቃል። ይህ የሚለካው በርካሽ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ነው። ከዚያ በወረቀት ፎጣ ይደርቃል።

ሙቀቱ ላይ ይህን ያህል የምጨቃጨቀው በምክንያት ነው። ቦል ፓይተን ከንፈሩ ላይ ሙቀት የሚለዩ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉት፤ በጨለማ አይጥን የሚያገኘው በማሽተትና በእነዚህ ጉድጓዶች ነው። ቀዝቃዛ አይጥ ፊቱ ቢቀመጥ ብዙ ጊዜ እንደ ምግብ አይቆጥረውም። የአይጡ ጭንቅላት ከሌላው አካሉ ትንሽ ሞቅ ካለ እባቡ በጭንቅላቱ በኩል ይይዘዋል፤ በፀጉሩ አቅጣጫ ስለሚገባም መዋጡ ይቀላል። ረጅም መቆንጠጫ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። አይጥ አይጥ የሚሸት ሙቅ እጅ ለእባቡ ምግብ ነው፤ የሚነክሰው በክፋት አይደለም። አይጡ በጅራቱ ግርጌ ወይም በወገቡ ተይዞ ከእባቡ ትንሽ ራቅ ብሎ ቀስ እያለ ይነቃነቃል። እባቡ አንገቱን ሰብስቦ፣ ምላሱን ደጋግሞ አውጥቶ፣ ድንገት ይወረወርና ይጠመጠምበታል። የሞተ መሆኑ ለእሱ ልዩነት የለውም። የማደን ደመ ነፍሱን ሙሉ በሙሉ ይጠቀማል፤ አይጡ ግን አይፈራም፣ እባቡም አይነከስም።

ከበላ በኋላ ለ48 ሰዓት ማንም አይንካው። ለእባብ መብላት መላ አካሉ የሚሠራው ትልቅ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የበርማ ፓይተን ከበላ በ48 ሰዓት ውስጥ የልቡ ጡንቻ በ40 በመቶ እንደሚገዝፍ አሳይቷል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሙቀት ሲኖር ነው። ስለዚህ የሳጥኑ ሙቅ ጥግ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ መሆኑን በቴርሞስታት ያላረጋገጠ ሰው ምግብ አይስጥ። ሙቀት ያጣ እባብ የዋጠውን መፍጨት ስለማይችል አይጡ ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል።

አሁን ደግሞ ለቤተሰቡ። የአይጥ ፍሪዘር ነገር በእኛ ቤት ቀላል አይደለም። ከአዲስ አበባ የመጡ እማማ ዶሮ ሊያወጡ ፍሪዘር ከፍተው በከረጢት የታሸገ አይጥ ሲያዩ «ይህ ቤት ረክሷል» ቢሉ አልፈርድባቸውም። እዚህ ላይ የእማማ ቁጣና የጤና ባለሙያዎች ምክር ይገጥማሉ። በረዶ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ አይገድለውም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2010ም በ2014ም ለእባብ ምግብነት ከሚሸጡ የቀዘቀዙ አይጦች ጋር የተያያዘ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ መዝግቧል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ከ65 ዓመት በላይ ያሉ አረጋውያንና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች እባብንም ምግቡንም ባይነኩ ይመከራል። ስለዚህ ለአይጡ የራሱ ትንሽ ፍሪዘርና ማቀዝቀዣ በቤዝመንት ወይም በጋራዥ ይኑር። ባልዲው፣ መቆንጠጫውና ሚዛኑ ወደ ወጥ ቤት አይግቡ፤ ማቅለጡም ወጥ ቤት ውስጥ አይሁን። ካበቃ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ይህን ማሟላት የማይችል ቤት፣ በተለይ ጨቅላ ያለበት፣ እባቡ ይቅርበት።

«የኛው የሞተ አይበላም» የሚሉኝም አሉ። ከነሕይወቱ የለመደ እባብ ለጥቂት ጊዜ ሊያኮርፍ ይችላል። ጤነኛ የሆነ ያደገ ቦል ፓይተን፣ በተለይ በክረምቱ ቅዝቃዜና በመራቢያ ወቅቱ፣ ለወራት ሳይበላ ይቆያልና ወላጅ በሁለተኛው ሳምንት መደንገጥ የለበትም። መደበቂያው ጠባብና ጨለማ መሆኑን፣ ሙቀቱ ልክ መሆኑን ይይ። የአይጡን ጭንቅላት ይበልጥ ያሙቅ። የሻጩ አይጥ ከተኛበት ጉዝጓዝ ጥቂት ወስዶ የቀለጠውን አይጥ ይሽበት። በመቆንጠጫ ካልወሰደ መደበቂያው በር ላይ አስቀምጦ መብራቱን አጥፍቶ ይውጣ፤ ሲነጋ ያልተበላው ይጣላል፣ ወደ ፍሪዘር አይመለስም። እባቡ በየሳምንቱ ይመዘን። ከክብደቱ 10 በመቶ ካጣ ሐኪም ይየው። ትዕግሥት ካለ አብዛኛው ይለምዳል።

አይጡ ሱቅ ከመድረሱ በፊት እንዴት እንደሞተ መጠየቅም የገዢው ፈንታ ነው። በስፋት የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መመሪያ ጋዙ የሳጥኑን መጠን ከ30 እስከ 70 በመቶ በደቂቃ እየተካ ቀስ በቀስ እንዲገባ ይላል፤ አይጡ ጭንቅ ሳይበዛበት ራሱን እንዲስት ነው። አዲስ የተወለዱ ግልገሎች የአየር እጥረትን ስለሚቋቋሙ ረዘም ያለ ጊዜና መሞታቸውን ማረጋገጥ ይፈልጋሉ። ይህ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነውና ቤት ውስጥ አይሞከር። በሕይወት ያለን አይጥ ከረጢት ውስጥ ከትቶ ፍሪዘር መወርወር ደግሞ ጭካኔ ነው፤ ብርዱ ቀስ እያለ ነው የሚገድለው። ሻጩ «እንዴት ነው የምትገድሏቸው?» ሲባል መልስ ከሌለው ሌላ ሻጭ ይፈለግ።

ይህን የምለው እባብ ላላቸው ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ መንገድ ዳር የአይጥ ማጣበቂያ ይሸጣል። አይጡ እግሩና ሆዱ ተጣብቆ፣ ቆዳውን እየገነጠለ፣ አንዳንዴ ከአንድ ቀን በላይ ይንፈራገጣል። ቤታችንን ከአይጥ መጠበቅ መብታችን ነው፤ እህል ይበላል፣ በሽታ ያመጣል። ነገር ግን ቀዳዳውን መድፈን፣ እህሉን በሚከደን ዕቃ ማስቀመጥ፣ መግደል የግድ ሲሆንም ባንዴ የሚገድል ወጥመድ መጠቀም እየተቻለ የአንድ ቀን ስቃይ መምረጥ ለምን? ሜሪላንድ ላለችው ልጅ የምነግራት ለአዲስ አበባው የቤት ባለቤትም ይሠራል፤ መግደል ካልቀረ ፈጣን ይሁን።

ልጃቸው እባብ ለሚለምናቸው ወላጆች ሒሳቡን አስቀድመው እንዲሠሩ እመክራለሁ። ቦል ፓይተን 20 እና 30 ዓመት የሚኖር እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በሴንት ሉዊስ መካነ እንስሳት እንቁላል የጣለችው ዕድሜዋ 62 ግድም ነበር። በወር 2 ጊዜ የሚበላ እባብ በ20 ዓመት 480 አይጥ ይበላል። ልጁ ኮሌጅ ሲሄድ እባቡና ፍሪዘሩ የሚቀሩት ለእናትና ለአባት ነው። ይህ ልብ የሚያከብድ ከሆነ ነፍሳት የሚበላ እንሽላሊት አለ፤ ሣር የምትበላ ጥንቸል አለች፤ እነሱም ቢሆኑ የራሳቸው አደራ አላቸው። እሺ ያለ ወላጅ ግን በር አይዝጋ። የመጀመሪያዎቹን ወራት አይጡ ሲመዘን፣ ሲቀልጥ፣ ሲሞቅና ሲቀርብ ከልጁ ጎን ይቁም። ከነሕይወቱ የሚሸጥለት ቢመጣ ገንዘቡን ይከልክል። ልጁ ሥጋ የሚበላ እንስሳ ማሳደግ ሞትን በኃላፊነት መያዝ መሆኑን የሚማረው ከወላጁ ነው፤ ይህን ሊያስተምር የማይፈልግ ቤተሰብ እባብ አያሳድግ።